አምስት ጊዜ የተሰደደው ጳጳስ

ስደት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአገሩ ወጥቶ፣ ስሙ አገር ቤት በሚታተም ጋዜጣ ሲጠፋ ያነበበ ሰውም በመካከላችን ሞልቷል። ዛሬ የምናነሳው ሰው ግን ይህን ጽዋ አምስት ጊዜ የጠጣ ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ። የታሪኩ አንድ ቅርንጫፍ አክሱም ድረስ ይዘልቃልና ለእኛ የሩቅ ሰው አይደለም። (ዘመናቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የተጀመረው አርዮስ የተባለ የእስክንድርያ ቄስ ወልድ በአብ የተፈጠረ ነው፣ ያልነበረበት ጊዜም ነበር ብሎ ማስተማር በጀመረ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ ክርክሩ ግዛቱን እንዳይከፍልበት ሰግቶ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ ጠራ። ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ወሰኑ፤ አርዮስም ተወገዘ። አትናቴዎስ ያን ጊዜ ጳጳሱን እስክንድሮስን ተከትሎ የሄደ ዲያቆን ነበር። በ328 ዓ.ም. መንበሩን ወረሰ።

ለእርሱ ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ወልድ ፍጡር ከሆነ ፍጡር ፍጡርን ማዳን አይችልም፤ ክርስቲያንም ለፍጡር እየሰገደ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ አርዮስን ወደ ማኅበሩ መልስ ሲለው እምቢ አለ።

በ335 ዓ.ም. በጢሮስ ጉባኤ ሲከሰስ ግን የቀረበበት ክስ ስለ እምነት አልነበረም። አርሳንዮስ የተባለ ጳጳስ አስገድሎ እጁን ለጥንቆላ ቆርጧል ተባለ፤ የተቆረጠ እጅም ለማስረጃ ቀረበ። አርሳንዮስ ግን ሁለት እጆቹን ይዞ በሕይወት ብቅ አለ! ያ ሲከሽፍ ሌላ ክስ ተፈለገ። ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚጫነውን እህል አስቆማለሁ ብሏል ተባለ። የዋና ከተማው ቀለብ ነውና ቆስጠንጢኖስ ሳይውል ሳያድር ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትሪየር በግዞት ላከው።

በመንግሥት ጋዜጣ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠን የሠራን ሰዎች ይህን ዘዴ እናውቀዋለን። ሐሳቡን መርታት ያቃተው ባለሥልጣን ባለሐሳቡን ወንጀለኛ ያደርገዋል። የዚህ ዓይነቱን ዜና አርመን ያሳለፍንበት ቀን እንደነበረም አንክድም።

ሚዛናችን እንዳያጋድል ይህንንም እንበል። የአትናቴዎስ ደጋፊዎች ሜሌጥያውያን የተባሉትን ተቀናቃኞቻቸውን መደብደባቸውን የሚያወሳ፣ በዚያው ዘመን በፓፒረስ የተጻፈ ደብዳቤ ተገኝቷል። የሚሰደድ ሁሉ እጁ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ስደት ከ339 እስከ 346 ዓ.ም. ሲሆን መጠጊያው ሮም ነበረች። በየካቲት 356 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የቆስጣንዮስ ወታደሮች ምእመናን በጸሎት ላይ ሳሉ በሌሊት ቤተ ክርስቲያኑን ሰብረው ገቡ። አትናቴዎስ አመለጠ፤ የግብፅ በረሃ መነኮሳትም ስድስት ዓመት ያህል ደበቁት። ከተደበቀበት ሆኖ ንጉሡን የሚሞግቱ ጽሑፎች ይልክ ነበር።

የቆስጣንዮስ እጅ ወደ እኛም አገር የተዘረጋው በዚህ ጊዜ ነው። አባ ሰላማ የምንለውን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ለአክሱም የሾመው አትናቴዎስ ነበር። ቆስጣንዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና በጻፈው ደብዳቤ፣ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ቦታ በተተካው በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤውን ዛሬ የምናውቀው አትናቴዎስ ራሱ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ገልብጦ ስላስቀመጠው ነው። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን በኒቅያ እምነት ጸናች።

ዩልያኖስ በ362፣ ቫሌንስ በ365 ዓ.ም. ደግመው አሳደዱት። ሁለቱም ስደቶች ብዙ አልቆዩም። በ367 ዓ.ም. ለፋሲካ ባወጣው መልእክት የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘረዘረ። በ373 ዓ.ም. እዚያው እስክንድርያ፣ በመንበሩ ላይ ሳለ ዐረፈ። ከ45 የጵጵስና ዓመታቱ 17 ያህሉ በስደት ያለቁ ናቸው። የኒቅያን እምነት ያጸናውን የ381ዱን የቁስጥንጥንያ ጉባኤ አላየም።

አራት ነገሥታት አሳደዱት፤ ከአራቱ አንዳቸውም ቃሉን አላስለወጡትም። ዛሬ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ጠርቶ ለማየት ግን ባለቤቱ ሁልጊዜ በሕይወት አይቆይም።

ቸር ይግጠመን።