ጣይቱ ብጡል፦ የቦታ ምርጫና የአሠሪነት ሥልጣን

ከስሜንና ከየጁ መሳፍንት የሚወለዱት ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ብዙም ሳይቆይ መናገሻው እንጦጦ ሆነ። ተራራው ለመከላከል ቢመችም ብርዱና የማገዶው እጥረት ይከብድ ነበር። በ1879 ዓ.ም.፣ ገና እቴጌ ሳይባሉ፣ ከዛሬው ካዛንቺስ በስተምዕራብ ወደሚገኘው ፍል ውኃ ወርደው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ቤተ መንግሥቱ ከፍል ውኃው በላይ ባለው ኮረብታ ሲተከል መኳንንቱ በዙሪያው በተመራላቸው ቦታ ሠፈሩ፤ የከተማዋ ሠፈሮች አቀማመጥም በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው። (ካዛንቺስ ራሱ የተሰየመው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ በነበረው ተቋም ነው።)

ጣይቱ ንድፍ አልሳሉም። በፒያሳ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ነዳፊ ተብሎ የሚጠቀሰው አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ነው። ይሁን እንጂ የት፣ ለምንና ለማን እንደሚሠራ መወሰን ከንድፍ የሚቀድም የሥነ ሕንፃ ተግባር ነው። የሙያውን ታሪክ ከነዳፊዎች ስም ብቻ የሚጀምር ጥናት፣ በእኔ እምነት፣ ሴቶችን የሚያጣው ገና ከመነሻው ነው።

ሥልጣኑ ግን በትዳር የተገኘ ነበርና በትዳሩ ዕጣ ተወሰነ። ምኒልክ ታመው እቴጌይቱ የመንግሥቱን ሥራ ሲመሩ፣ መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አገለሏቸው። ምኒልክ ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ተመለሱ፤ በ1910 ዓ.ም. ያረፉትም በዚያው፣ መናገሻውን ባወረዱበት ተራራ ላይ ነው።