ሲንጀር ማን ነበር?

በቦንጋ ገበያ ልብስ ሰፊው የሚረግጠው አሮጌ ሲንጀር ስሙን ከሰው እንደ ወረሰ ስንቶቻችን እናውቃለን?

አይዛክ ሲንጀር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1811 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። በ12 ዓመቱ ከቤት ኮበለለ፤ ተዋናይም መካኒክም ሆነ። በ1850 በቦስተን ለጥገና የመጣ የስፌት መኪና አይቶ አሻሻለው፤ በ1851ም በስሙ አስመዘገበው። ነገር ግን ጫፉ በተበሳ መርፌና በመወርወሪያ መስፋትን ኢላያስ ሃው በ1846 አስመዝግቦ ስለ ነበረ፣ ሲንጀር ተከሶ በ1854 ተረታ፤ ገንዘብም ከፈለ። ከ1856 ጀምሮ ኩባንያው መኪናውን ጥቂት በጥቂት በሚከፈል ዱቤ ስለ ሸጠው ብዙ ገንዘብ በሌለው ሰው ቤትም ገባ። ሲንጀር በ1875 በእንግሊዝ አገር ባለጠጋ ሆኖ ሞተ።

እንግዲህ ስሙ የአንድ ሰው፣ ሥራው የብዙዎች ነው። ዕድሜው ግን ከመርፌው ሥር ብናኙን እየጠረገ፣ ዘይት እያጠጣ በሚያሠራው ልብስ ሰፊ እጅ ነው።