ኮከብ ቈጣሪው የሠራው አዳራሽ
የሰር ክሪስቶፈር ሬን የሕይወት ታሪክ

በሰፊ ሜዳ ላይ ቤት መሥራት ብዙ አያስቸግርም። የግንበኛን ጥበብ የሚፈትነው፥ ቦታው ጠባብ፥ ጎረቤቱ ብዙ፥ የሚገለገልበትም ሰው ልዩ ልዩ ሲሆን ነው። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ ይህን ፈተና ተቀብሎ ያለፈ አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም ክሪስቶፈር ሬን ይባላል። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል ነው። ነገር ግን ለዚያ ታላቅ ሥራ መንገድ የጠረገለት፥ በዩኒቨርሲቲው ሰፈር የሠራው አንድ አዳራሽ ነው።

ሬን የተወለደው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በጥቅምት ወር 1632 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ቄስ ነበሩ። በኦክስፎርድ ዋደም ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በ1653 የኦል ሶልስ ኮሌጅ አባል ሆነ። ዕውቀቱ በአንድ በኩል የተወሰነ አልነበረም። ሐኪሙ ቶማስ ዊሊስ ስለ አንጎል ለጻፈው መጽሐፍ ሥዕል ሣለ፤ በ1657 በለንደን፥ በ1661 ደግሞ በኦክስፎርድ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ሮያል ሶሳይቲ የተባለውን የሊቃውንት ማኅበር በ1660 ካቋቋሙት ሰዎችም አንዱ እርሱ ነው። በሕንፃ ሥራ ግን ገና ጀማሪ ነበረ።

በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ዓመታዊውን የማዕረግና የክርክር በዓል የሚያከብረው በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። በበዓሉም ላይ ለቀልድ የተመረጠ ሰው መምህራኑን በነገር ይወጋል፤ ሕዝቡም ይሥቃል፥ ይጮኻል። ቀድሞ የኦል ሶልስ ኮሌጅ አለቃ የነበሩት፥ በ1663 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት ጊልበርት ሼልደን፥ ጸሎት የሚጸለይበት ቦታ የሣቅና የሁካታ ስፍራ መሆኑ አሳዘናቸው። ስለዚህ ለበዓሉ የተለየ አዳራሽ እንዲሠራ አሰቡ፤ ሥራውንም ለሬን ሰጡ። ወጪው ሲጠቃለል ከ12 ሺሕ ፓውንድ በላይ ሆነ፤ የከፈሉትም ራሳቸው ሼልደን ናቸው።

የተገኘው ቦታ በአሮጌው የከተማ ቅጥር አጠገብ፥ በስተ ደቡብ ዲቪኒቲ ስኩል በተባለው ጥንታዊ የትምህርት ቤት፥ በስተ ሰሜን በመንገዱ መካከል ነበር። ሬን ያጌጠውን ቀጥ ያለ ፊት ወደ ደቡብ ወደ ትምህርት ቤቱ አዞረው፤ ክቡን ጀርባ ወደ መንገዱ አደረገው። በትምህርት ቤቱም ግድግዳ ላይ አዲስ በር ከፈተ፤ መምህራኑ በሰልፍ ከዚያ ወጥተው በቀጥታ ወደ አዳራሹ እንዲገቡ ነው። እንዲህ በማድረጉ አዲሱ ሕንፃ አሮጌውን ሳይጋፋ ተግባባው።

የቅርጹን ሐሳብ ያገኘው ከጥንት ሮማውያን ቴአትር ነው። ሮማውያን ግን ጣራ አልነበራቸውም፤ ከፀሐይ የሚከላከሉት በገመድ በተወጠረ ሸራ ነበር። የኦክስፎርድ ዝናብ ደግሞ ጣራ የግድ ይላል። የአዳራሹ ስፋት 70 ጫማ፥ ይኸውም 21 ሜትር ያህል ነው፤ ያን ያህል የሚረዝም ግንድ ከየት ይመጣል? በመካከል ምሰሶ ቢተከል ደግሞ የተቀመጠው ሕዝብ በዓሉን ማየት አይችልም። ሬን አጫጭር እንጨቶችን እርስ በርሳቸው አጣምሮ፥ በብረትም አስሮ፥ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ገጣጠማቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ለብቻቸው የማይበቁት ተባብረው ያንን ሁሉ ክብደት ያለ አንድ ምሰሶ ተሸከሙ። ከበታቹ ባለው ኮርኒስ ላይም ሠዓሊው ሮበርት ስትሪተር ሰማይንና የተጠቀለለውን ሸራ ሣለበት።

አዳራሹ በ1664 ተጀምሮ በ1669 ተመረቀ። ሆኖም በዓል በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል? በቀሩት ቀኖች ሕንፃው ባዶውን እንዳይቀመጥ፥ የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ በምድር ቤቱ ገባ፤ የታተሙት መጻሕፍትም ከጣራው ሥር ተከማቹ። እንዲህም ሆኖ ከላይ መጻሕፍት፥ በመካከል በዓል፥ ከታች ማተሚያ በአንድ ጣራ ኖሩ።

ችግር አልታጣም። በዓል በደረሰ ቁጥር ፊደል ለቃሚዎቹ ቦታ መልቀቅ ነበረባቸው። በ1720ም ጣራው ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ ባለሙያዎች ሲመረምሩት ግን ጣራው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ማተሚያው በ1713 በአጠገቡ ወደ ተሠራው ክላረንደን ሕንፃ ተዛወረ። የዚህ ሕንፃ ሠሪ የሬን ደቀ መዝሙር የነበረው ኒኮላስ ሆክስሙር ነው። የጣራው እንጨት የተለወጠው በ1802 ገደማ ሲሆን፥ አዳራሹ ግን ዛሬም ተማሪዎች ማዕረግ የሚቀበሉበት፥ ሙዚቃም የሚሰማበት ቦታ ነው።

ሬን ከ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ በኋላ 51 አብያተ ክርስቲያናትን አሳነፀ፤ የቅዱስ ጳውሎስንም ካቴድራል በ1675 ጀምሮ በ1711 ፍጻሜውን አየ። በሸመገለ ጊዜ፥ በ1718፥ ከንጉሡ የሕንፃ ሹመት ተሻረ። በ1723 በየካቲት ወር በ90 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሠራው ካቴድራል ምድር ቤት ጌጥ በሌለው ጥቁር ድንጋይ ሥር ተቀበረ።

የኦክስፎርዱ አዳራሽ የሚያስተምረን ይህን ነው፦ ለብዙዎች የሚሆን ቤት የሚሠራ ሰው ከግድግዳው ውበት አስቀድሞ ማን በምን ቀን እንደሚገባበት ይጠይቅ። የቦታ ጥበት የሚያሳፍረው ሳያስቡ የጀመሩትን ነው፤ አስቦ ለጀመረ ግን ጣራውም፥ ምድር ቤቱም ቦታ ይሆኑለታል።