ዐቃቤ ሰዓት አባ ኢየሱስ ሞዐ እና የሐይቅ መጻሕፍት ዝርዝር

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ የሐይቅን ከተማ ያገኛል። ከከተማይቱ ጥቂት እልፍ ሲል ውሃው ይታየዋል፤ ከውሃውም ማዶ የአምባሰል ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። ወደ ሐይቁ ገባ ባለችው ምድር ላይ፥ በዛፍ ተሸፍኖ፥ የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቦታው በጥንት ዘመን በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ውሃው እየሸሸ በመሄዱ ግን ዛሬ በእግር ይገባበታል።

በዛሬው እሑድ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህ ገዳም መምህር የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ስማቸው ለብዙ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ እርሳቸው ሲወራ ዘወትር ቀድሞ የሚነሣው የቤተ መንግሥት ነገር ነው። እኛ ደግሞ ዘንድሮ ብዙ ወጣቶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ በሚማሩበት፥ ሌሎችም በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በሚይዙበት ጊዜ፥ ከእኒህ አባት ሕይወት ውስጥ አንድ የመጻሕፍት ዝርዝር መርጠናል። ብዙ ነገር በአንድነት የተሰበሰበበትን ዝርዝር ማን ይንካው የሚለው ጥያቄ የተማሪውም የሹሙም ጥያቄ ነውና።

አባ ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ዳህና በሚባለው አገር ነው። አባታቸው ዘካርያስ፥ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባሉ ነበር። 30 ዓመት ያህል ሲሆናቸው አገራቸውን ትተው ወደ ትግራይ ወጡ፤ በደብረ ዳሞም አባ ዮሐኒ ከተባሉት አበምኔት እግር ሥር ተቀምጠው መነኰሱ። ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። መውጫው 15 ሜትር ያህል ከላይ የሚወረወር ገመድ ብቻ ስለሆነ፥ ማን እንደሚወጣና ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚያውቀው ገመዱን የያዘው መነኵሴ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ 7 ዓመት ሲኖሩ ከጸሎትና ከሥራ ጋር የተማሩት ጽሕፈት ነው። ብራና መፋቅን፥ ቀለም መበጥበጥን፥ ብርዕ መቅረጽን፥ ከሁሉም ይልቅ የቀደመውን መጽሐፍ አንዲት ፊደል ሳያጐድሉ መገልበጥን ለመዱ።

በ1240 ዓ.ም. ግድም ወደ ሐይቅ መጡ። በደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ ነበረ፤ ትውፊቱም ከእርሳቸው 400 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሥርዓት ያለው የመነኰሳት ማኅበርና ትምህርት ቤት የሆነው ግን በእርሳቸው ዘመን ነው። ገድላቸው በሐይቅ በኖሩበት 45 ዓመት ጐናቸውን በመኝታ ላይ አላሳረፉም ይላል። ይህን እንደ ገድል ነገር ተቀብለን እናልፋለን፤ የማንጠራጠረው ግን ሌሊቱ የጸሎት፥ ቀኑ የማስተማርና የመጻፍ እንደ ነበረ ነው። በደቡብ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ የተማሩት ከእርሳቸው ነው። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክም የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ናቸው።

ደቀ መዝሙር ሲወጣ መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ ገዳሙ ግን አንዱን መጽሐፍ ለአንዱ፥ ሌላውን ለሌላው ቢሰጥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ባዶ ዕቃ ቤት ይቀረዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ገዳማት የነበራቸው መንገድ ግልባጭ መስጠት ነበረ። ተማሪው ከዋናው መጽሐፍ ፊት ተቀምጦ የራሱን ይጽፋል፤ ዋናውም ወደ ዕቃ ቤቱ ይመለሳል።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በውስጡ ከወንጌላውያኑ ሥዕል ጋር የራሳቸውም ሥዕል አለበት። እኛን ከሥዕሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ፥ በእርሳቸው ዘመን ማብቂያ ገደማ የተጻፈው የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። እስካሁን ከታወቁት የኢትዮጵያ ገዳማት የመጻሕፍት ዝርዝሮች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው።

ዝርዝሩ ለብቻው በቁራጭ ብራና ላይ ቢጻፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ቁራጭ ብራና ይጠፋል፤ ማንም ወስዶ አንዱን ስም ፍቆ ሌላውን ሊጽፍበት ይችላል። በወንጌሉ ውስጥ ከተጻፈ በኋላ ግን ዝርዝሩን ማየት የሚሻ ሁሉ ወንጌሉን ወደሚጠብቀው ሰው መሄድ አለበት። ገበዙ ሳያውቅ የሚጨመር የለም፤ ገበዙ ሳያይ የሚፋቅ የለም። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ሥር የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል መጻፍም የአገራችን ልማድ ነው። በኋላ ዘመን የርስትና የስጦታ ጽሑፎች በየገዳሙ ወንጌል ላይ እንዲጻፉ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የፕሮግራም ተማሪዎቻችን ጥቂት ይታገሡን። በኦስሎ ከተማ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉት ሁለት ኖርዌያውያን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ባወጡት የአጻጻፍ ስልት፥ ፕሮግራም ኦብጀክት ከሚባሉ ክፍሎች ይሠራል፤ እያንዳንዱም የራሱን ንብረትና ሥራ ይይዛል። አንዱ ኦብጀክት ገዳም ቢሆን፥ ንብረቱ የመጻሕፍት ዝርዝር ይሆናል፤ ይህም በተራ የተደረደረ ስለሆነ አሬይ ይባላል። ጀማሪው ፕሮግራም ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ይህን ዝርዝር ለጠየቀው ሁሉ እንዳለ ያስረክባል። የተረከበው ክፍል አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ያስገባል፤ ሌላው ባዶ ስም ይጨምራል፤ ሦስተኛው ሁሉን ይደመስሳል፤ ገዳሙም ምንም አያውቅም። ስሕተቱ በተገኘ ጊዜ ማን እንዳደረገው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ዝርዝሩን የሚነካው እጅ በዝቷልና።

መድኀኒቱ ዝርዝሩን ደብቆ በምትኩ ትንንሽ ረዳት ሥራዎችን ማቆም ነው። አንዱ መጽሐፍ ያስገባል፤ ሲያስገባም አስቀድሞ መኖሩን ይመረምራል። ሁለተኛው ያወጣል። ሦስተኛው ይህ መጽሐፍ አለ ወይ ለሚለው ይመልሳል፤ አራተኛው ስንት እንደሆኑ ይቈጥራል። ዝርዝሩን በሙሉ ማየት ለሚፈልግ ግልባጩ ይሰጠዋል። ግን የዝርዝሩ ግልባጭ የመጻሕፍቱ ግልባጭ አይደለም፤ በአዲሱ ዝርዝር ላይ የተጠቀሰው መጽሐፍ ያው በዕቃ ቤት ያለው መጽሐፍ ስለሆነ፥ እጁን ያስገባ ሰው ዋናውን ብራና ሊፍቀው ይችላል። በዚህ የተሳሳቱ ብዙ ናቸው።

ደግሞም ለሦስት መጻሕፍት ዐሥር ገበዝ መሾም አያስፈልግም። ማንም የማይጠራቸውን ረዳቶች በየንብረቱ የሚደረድር ፕሮግራም አይተናል፤ ሲነበብ የሹመት ደብዳቤ እንጂ ሥራ አይመስልም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ያዙ። የሐይቅ ትውፊት ንጉሡ በልጅነታቸው በዚያ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዐ እንደተማሩ፥ በኋላም ስለ ረዱአቸው ለገዳሙ መምህር ዐቃቤ ሰዓት የተባለውን ማዕርግ እንደሰጡ ይናገራል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ግን ያንኑ ውለታ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ያደርገዋል። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ገድል የተጻፈው ከሞቱ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ፥ ሁለቱ ገዳማት በክብር በሚፎካከሩበት ዘመን ስለሆነ፥ እኛ በዚህ ክርክር ፈራጅ ለመሆን አንደፍርም። የብራና ሠራተኛውና መምህሩ ግን ያለዚህም ክብር ታላቅ ሰው ናቸው ብለን እናምናለን።

ማዕርጉ ራሱ ግን እውነተኛ ነበረ፤ እያደርም ከመንግሥቱ ታላላቅ ሹመቶች አንዱ ሆነ። ትርጓሜው ሰዓትን የሚጠብቅ ማለት ነው። በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የዜና መዋዕል ጸሐፊ እንደሚነግረን፥ ወደ ንጉሡ ውስጠኛ ቤት የሚገቡት ከጥቂት ብላቴኖች በቀር ዐቃቤ ሰዓት ዐምኀ ኢየሱስ ብቻ ነበሩ። በሐይቅ ለመጽሐፍ የተደረገው ጥበቃ እዚህ ለንጉሥ ተደረገ ማለት ነው። በቅርብ ባለው በአምባሰልም በግሸን አምባ ላይ የንጉሥ ልጆች በዘበኛ ይጠበቁ ነበር። በር የሚጠብቅ ሰው በሩ አንድ ብቻ ሲሆን ኃይሉ ምን ያህል እንደሚያድግ ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ማየት ይቻላል፤ መጽሐፍ ጠባቂው ግን እንዲህ ያለ ኃይል አልነበረውም፤ ተማሪው ግልባጩን ይዞ ስለሚሄድ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1285 ዓ.ም. ግድም ዐረፉ፤ መታሰቢያቸው በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ከ240 ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1524 ዓ.ም. ግድም፥ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅ ደረሰ፤ የደሴቱም ወርቅና ብር ተወሰደ። በዝርዝሩ የተጠሩት መጻሕፍት ሁሉ ዛሬ በቦታቸው አሉ ማለት አንችልም። ወንጌሉ ግን ተረፈ፤ ዝርዝሩም በውስጡ ተረፈ። ስለዚህ የዛሬው ተመራማሪ በሐይቅ ምን ምን ይነበብ እንደነበረ ያውቃል።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር፥ ይህ ወንጌል በተራው ተነሥቶ ቁጥር 1832 ተሰጠው። ፊልሙ በአዲስ አበባም፥ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታም ይገኛል፤ ማንም ተማሪ ጠይቆ ሊያየው ይችላል። ብራናው የሐይቅ እስጢፋኖስ ነው።