የድንቹ ከንቲባ

የከተማ ግብርና የዚህ ዘመን ፈጠራ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። በጣሪያ ላይ የሚበቅለው ሰላጣም ሆነ በየግቢው የሚታየው የጎመን መደብ አዲስ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ የከተማን ባዶ መሬት ለሥራ አጥ ነዋሪዎች አከፋፍለው በማሳረስ ስማቸው የገነነ አንድ ከንቲባ ከ120 ዓመታት በፊት ኖረው አልፈዋል። ሄዘን ፒንግሪ ይባላሉ፤ ከተማቸውም በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ዲትሮይት ናት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒንግሪ በ1840 ዓ.ም በሜይን ግዛት፣ ዴንማርክ በምትባል አነስተኛ የገጠር መንደር ተወለዱ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ከቤት ወጥተው በጥጥ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ቀጥሎም በማሳቹሴትስ ግዛት በጫማ ፋብሪካ የቆዳ ቆራጭነት ሙያ ተማሩ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፋፋም በ1862 ዓ.ም በመድፈኛነት ዘመቱ። በ1864 ዓ.ም ተማርከው ከቆዩባቸው የእስረኞች ሰፈሮች አንዱ በጆርጂያ የሚገኘው አንደርሰንቪል ነበር። በዚያ ከታሰሩት 45 ሺህ ገደማ ወታደሮች ወደ 13 ሺህ የሚጠጉት በረሃብና በበሽታ አልቀዋል። ፒንግሪ የዳኑት በእስረኞች ልውውጥ ወቅት የሌላ ሰው ስም ሲጠራ አቤት ብለው በመውጣታቸው ነው። ረሃብን በወሬ ሳይሆን በሆዳቸው ያወቁ ሰው መሆናቸው በኋላ ለወሰዱት እርምጃ ትርጉም እንዳለው ይህ ጸሐፊ ያምናል።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ዲትሮይት መጥተው በ1866 ዓ.ም ከቻርልስ ስሚዝ ጋር በሽርክና አነስተኛ የጫማ መሥሪያ ገዙ። መሥሪያው በሃያ ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት ትልቅ ፋብሪካ ሆነ፤ ፒንግሪም ከከተማዋ ባለጸጎች ተርታ ተሰለፉ። በ1889 ዓ.ም ለከንቲባነት ያጯቸው ነጋዴዎች የራሳቸውን ሰው ያስመረጡ መስሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሥልጣን እንደያዙ የትራም ታሪፍ እንዲቀንስ ከኩባንያዎች ጋር ተሟገቱ፤ ከተማዋም የራሷ የመብራት ማመንጫ እንዲኖራት አደረጉ። በዚህም የቀድሞ ወዳጆቻቸው ራቋቸው።

በ1893 ዓ.ም አሜሪካን የመታው የኢኮኖሚ ቀውስ ዲትሮይትን ክፉኛ ጎዳት። ከተማዋ የምትኖረው በምድጃና በባቡር ፉርጎ ፋብሪካዎች ነበርና ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሜዳ ላይ ቀሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፖላንድና ከጀርመን የፈለሱ፣ በትውልድ አገራቸው እርሻ ያውቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የማዘጋጃ ቤቱ የድኾች መርጃ ገንዘብ ተሟጠጠ፤ የግብር ከፋዩም ማጉረምረም በረታ።

በአንጻሩ በከተማዋ ዳርቻ ሰፊ መሬት ጦሙን አድሮ ነበር። ዋጋው እስኪንር ብለው ገዝተው ያስቀመጡት ሰዎች ንብረት ነው። በእኛም ከተሞች ለዓመታት ታጥረው የሚቀመጡ ቦታዎችን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ፒንግሪ በ1894 ዓ.ም ባለቤቶቹ መሬቱን ለጊዜው እንዲያውሷቸው ጠየቁ። የታሰበው ቀላል ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱን አርሶና ዘር አቅርቦ ያከፋፍላል፣ ችግረኛው ቤተሰብ ይተክላል፣ ይኮተኩታል፣ ምርቱንም ይወስዳል።

ከንቲባው ለማረሻና ለዘር መግዣ የሚሆን ገንዘብ አብያተ ክርስቲያናት ከምእመናን እንዲሰበስቡላቸው ተማጸኑ። የተገኘው 13 ዶላር ከ80 ሳንቲም ብቻ ነበር። ባለጸጋ በሞላባት ከተማ ይህ ከስድብ አይተናነስም። ፒንግሪ ግን የሚወዱትን ፈረስ በጨረታ ሸጠው ለሥራው ማስጀመሪያ አዋሉት። ጋዜጦች ተሳለቁባቸው፤ የድንች ከንቲባ የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ሰነፍ ድኻ መሬት ቢሰጠው አያርስም፣ ዘሩን ቀቅሎ ይበላዋል፣ የደረሰውንም ሌባ ይወስደዋል የሚል ትንቢት በየስፍራው ተነገረ።

ድንች የተመረጠበት ምክንያት ግብርና ለተማረ ሰው ግልጽ ነው። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ከተቆፈረ በኋላ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ክረምቱን ያልፋል፤ ወፍጮም ሆነ መውቂያ አይፈልግም። የዘር ድንቹም ዐይን ዐይኑ ተጠብቆ ከተቆረጠ ለብዙ ጉድጓድ ይበቃል። ሥራው የተጀመረው ዘግይቶ፣ የተከላው ወቅት ሊያልፍ ሲል በመሆኑ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰብል የሚታሰብ አልነበረም። ከድንቹ ጎን ባቄላና ሌሎች አትክልቶችም ተዘርተዋል።

በመጀመሪያው ዓመት 430 ኤከር፣ ማለትም 174 ሄክታር ያህል መሬት ለ945 ቤተሰቦች ተከፋፈለ። ያመለከቱት ወደ 3 ሺህ ይጠጉ ነበርና ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ለአንድ ቤተሰብ የደረሰው ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ፣ በገበሬያችን ልኬት አንድ ጥማድ የማይሞላ ነው። ሥራውን በበላይነት የመሩት ኮርኔሊየስ ጋርድነር የተባሉ የጦር ሠራዊት ካፒቴን ነበሩ። ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ሲኮተኩቱና ለድንቹ አፈር ሲያስታቅፉ ከረሙ። ለሥራው የወጣው 3 ሺህ 600 ዶላር ገደማ ሲሆን የምርቱ ግምት ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። የተፈራው ሌብነትም ሥራውን አላሰናከለውም።

ከዚያ በኋላ የሚስቅ ጠፋ። በ1895 ዓ.ም የተሳታፊ ቤተሰቦች ቁጥር ከ1 ሺህ 500 በለጠ፤ በ1896 ዓ.ም ደግሞ ጨመረ። ኒው ዮርክ፣ ቦስተንና ፊላደልፊያን የመሳሰሉ ከተሞችም በየራሳቸው መንገድ ሐሳቡን ወሰዱት።

ነገሩ ግን አንድ ሥር የሰደደ ድክመት ነበረበት። መሬቱ የውሰት ነው። አራሹ ፍግ ቢጨምርበት፣ ድንጋዩን ቢለቅም፣ አፈሩን ቢያለማው በቀጣዩ ዓመት እዚያው ስለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ባለቤቱ ገዢ ባገኘ ጊዜ ማሳው ይታጠራል። ቀውሱ አልፎ ፋብሪካዎች ሲከፈቱና ቤት መሥራት ሲጀመር የድንች ማሳዎቹ በየተራ ወደ ባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ፒንግሪ ለችግሩ ዘመን መፍትሔ አበጁ እንጂ መሬቱን በቋሚነት ለአራሾቹ የሚያቆይ ሕግ አላወጡም፤ በሥራቸው ላይ ነቀፌታ የሚሰነዘር ከሆነ ይኸኛው ይመስለኛል።

በ1896 ዓ.ም የሚሺጋን ገዥ ሆነው ተመረጡ። ከንቲባነቱንም ደርበው ለመያዝ ሞክረው ነበር፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለከለከላቸው በ1897 ዓ.ም ለቀቁ። በገዥነት ዘመናቸው የባቡር ኩባንያዎች ተገቢውን ግብር እንዲከፍሉ ሲታገሉ ቆይተው በ1901 ዓ.ም መጀመሪያ ሥልጣናቸውን አስረከቡ። በዚያው ዓመት ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ተጉዘው ሲመለሱ በመንገድ ታመሙና በሰኔ ወር ለንደን ላይ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ።

የዲትሮይት ነዋሪዎች በ1904 ዓ.ም በከተማዋ መሐል በሚገኘው ግራንድ ሰርከስ ፓርክ የነሐስ ሐውልት አቆሙላቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚታዩት ፒንግሪ ዛሬም እዚያው ናቸው። የመኪና ፋብሪካዎቹ ከቀዘቀዙ በኋላ በዲትሮይት እንደገና ብዙ መሬት ጦሙን አደረ፤ ነዋሪዎችም እንደገና አትክልት መትከል ጀመሩ።