ይድነቃቸው ተሰማ፦ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ቦታ እንዲኖራት የታገሉት ኢትዮጵያዊ

እህቴ፣ ያለሽው አል ኹበር አሽ-ሸማሊያም ይሁን ደማም፣ በዚህ አካባቢ ስለ ኳስ ሳይወራ የሚውልበት ቀን የለም። ኢትፋቅ ወይም ቃድሲያ ሲጫወት የማዳም ልጆች ሳሎኑን ይይዙታል፤ አንቺም ሻይ ይዘሽ ስትገቢ ከአፍሪካ የመጡ ተጫዋቾች በቴሌቪዥኑ ሲሮጡ ታያለሽ። እዚሁ ኹበር ለ2034 የዓለም ዋንጫ የታሰበ ስታዲየም አለ። አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ እንዲኖራት ከታገሉት ዋነኞቹ ሰዎች አንዱ የአገርሽ ሰው እንደሆኑ ግን ታውቂያለሽ? ስማቸው ይድነቃቸው ተሰማ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ጅማ ውስጥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ልክ በእንቁጣጣሽ ማለት ነው። አባታቸው ዝነኛው ባለቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ሙያ የተማሩ፣ እዚያው እያሉም የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው። ባሕር ተሻግሮ ሙያ መያዝ ለዚያ ቤት እንግዳ ነገር አልነበረም።

ልጅየው የወደዱት ግን ኳስ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ይድነቃቸው በወጣትነታቸው ገብተው ለረጅም ዓመታት ተጫወቱለት። በጣሊያን ጊዜ ክለቡ ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተደረገ፤ ጥቁሩ ከነጩ ጋር እንዳይጫወትም ተለየ። በገዛ አገርሽ፣ በገዛ ሜዳሽ፣ በቆዳሽ ቀለም ምክንያት ወደዚያ አትሻገሪ ስትባይ ምን እንደሚሰማ አስቢው። ይድነቃቸው ያንን በወጣትነታቸው አዩ፤ ዕድሜ ልካቸውንም አልረሱትም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የአገሪቱን የኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙት መካከል ሆኑ። ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። መጫወት፣ ማሠልጠን፣ ደንብ መጻፍ፣ ስብሰባ መቀመጥ፣ ሁሉም በእሳቸው ትከሻ ላይ ነበር።

ትልቁ ፈተና የመጣው በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ነው። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ዛሬ ካፍ የምንለውን መሠረቱ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊጀመር ነው። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ያለበት ቡድን እንልካለን አሉ፤ የተደባለቀ ቡድን አናመጣም ብለው ድርቅ አሉ። አቶ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው አልተቀበሉም። ማኅበሩ ገና በተወለደ ሰሞን ከአራቱ መሥራቾች አንዱን ከውድድሩ ማስቀረት ቀላል ውሳኔ እንዳይመስልሽ። ግን አደረጉት፤ ዋንጫው በሦስት አገር ተካሄደ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደስታ ሆነ። በአቶ ይድነቃቸው የሚሠለጥነው ቡድናችን በፍጻሜው ግብፅን ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ አቻ ሆነ። ሁለተኛውን አቻ ያደረገው አምበሉና የመሐል ሜዳው ሰው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ በጭማሪው ሰዓት ደግሞ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው 4 ለ 2 አለቀ። ኢትዮጵያ ያላት የአፍሪካ ዋንጫ ያ አንዱ ብቻ ነው። ሉቺያኖ አስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ ነው፤ በኋላ በደርግ ጊዜ በጅቡቲ በኩል ሸሽቶ ጣሊያን ገባ። ዋንጫውን ከፍ ያደረገው አምበልም እንደ እኛው ስደተኛ ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

ወደ ዓለም ዋንጫው እንምጣ። ለ1966 (እ.ኤ.አ.) ውድድር ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላ የሰጠው አንድ ቦታ ነበር። አፍሪካ ውስጥ አሸንፈሽ እንኳ ገና ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር ትጋጠሚያለሽ። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህ አይሆንም አሉ። አንድ አገር ብቻውን ቢያኮርፍ ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ የአፍሪካ አገሮች ግን ተስማምተው አብረው ከማጣሪያው ወጡ። ለ1970 አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ። ቡድኖቹ 48 በሆኑበት የዛሬው ዓለም ዋንጫ ደግሞ የአፍሪካ ቀጥታ ቦታ ዘጠኝ ደርሷል።

አቶ ይድነቃቸው በ1972 (እ.ኤ.አ.) የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው መሩት። በአፓርታይድ ጉዳይም አልለዘቡም፤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1976 ሙሉ በሙሉ አባረረ።

አሁን እኛን ስደተኞችን የሚነካ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ማሰለፍ የሚችለው ከውጭ አገር የሚመጡ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ጎበዝ ጎበዙ ወደ አውሮፓ ሲፈስስ የአገር ቤት ኳስ ይደርቃል ብለው ይሰጉ ነበር፤ ስጋቱም ከንቱ አልነበረም። ግን ውጭ ወጥቶ የሚሠራው ልጅስ? ላቡን አንጠፍጥፎ ሙያ ይዞ ሲመለስ ሁለቱ ሞልተዋል፣ አንተ ቅር ሊባል ነው። ደንቡ በ1982 ተነሣ፤ ያኔም የካፍ ፕሬዚዳንት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አፍሪካ ዋንጫዋን የምትጫወተው በየአገሩ ከተበተኑ ልጆቿ ጋር ነው። ርቆ የሄደ ሰው የጠፋ ሰው አይደለም። አንቺም ስትልኪ፣ ስትማሪ፣ ቤት ስታሠሪ ከአገርሽ ቁጥር አልወጣሽም።

አቶ ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት ነው። 65 ዓመታቸው ነበር። ከማረፋቸው ከአንድ ዓመት በፊት ሞሮኮ በዓለም ዋንጫ ምድቧን አንደኛ ሆና ስታልፍ አይተዋል፤ ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ የአፍሪካ ቡድን አልነበረም።

ከእሳቸው ሕይወት ለእኛ የሚተርፍ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የሚከራከሩት ደንቡን አውቀው ነው። አንቺም ውልሽ ላይ የተጻፈውን ደመወዝሽንና የዕረፍት ቀንሽን እወቂው፤ ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኛት እህትና ለቤተሰብሽ ላኪው። ሁለተኛው፣ ብቻቸውን አልቆሙም። ችግር ሲገጥምሽ ዝም ብለሽ አትያዥው፤ ለሚያግዝሽ ሰው ተናገሪ፣ ተማከሪ። አንድ ቦታ ለሦስት አህጉር ሲሰጣቸው ተመስገን ብለው ቢቀበሉ ኖሮ፣ ዛሬ ሳሎን ውስጥ የምታያቸው የአፍሪካ ልጆች መንገዳቸው በጣም በጠበበ ነበር።