እንዶድን በቁጥር የመረመሩት ሊቅ፤ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ

አገራችን ኢትዮጵያ ካፈራቻቸው የሳይንስ ሊቃውንት መካከል ስማቸው በዓለም ከታወቀው አንዱ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 ተወልደው በ1997 ዐረፉ። ሥራቸው ግን እንደ ሸዋ ሮቢትና እንደ ይፋት ቆላ ወንዝና መስኖ ባለበት አገር ለሚኖር ሰው ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ታሪካቸውን በአጭሩ ማቅረብ ተገቢ ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ዕድሜያቸውን በሙሉ የታገሉት ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ነው። የበሽታው ትል አስቀድማ በውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ገላ ታድጋለች፤ ከዚያም ወጥታ ገላውን የሚታጠበውን፥ የሚዋኘውን ወይም መስኖ የሚያጠጣውን ሰው ቆዳውን በስታ ትገባለች። ሆድና ጉበት ትጎዳለች፤ ልጆችንም ታመነምናለች። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሏ መንገድ ይቆረጣል ማለት ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1964 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በዓድዋ ወንዞች ቀንድ አውጣ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። እንዶድ ሸማን እንደሚያነጣ እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። የእንዶዱ አረፋ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ልብ ብለው ያስተዋሉት ግን እሳቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ በዓይን ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቀንድ አውጣዎቹ በሌላ ምክንያት ሞተው ይሆናል የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ምርመራ ሥርዓት እንዲህ ነው፤ በየዕቃው እኩል ቁጥር ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ይገባሉ፤ በአንዱ ዕቃ ውሃ ብቻ፥ በሌሎቹ ደግሞ መጠኑ ከፍ እያለ የሚሄድ መድኃኒት ይጨመራል፤ ከአንድ ቀን በኋላ የሞቱት ይቆጠራሉ። አንዱ ቀንድ አውጣ በጥቂቱ ሲሞት ሌላው ብዙ ስለሚችል፥ መርማሪው የሚፈልገው ከመቶው 50ውን ወይም 90ውን የሚገድለውን መጠን ነው። አሜሪካዊው ቼስተር ብሊስ እ.ኤ.አ. በ1934 ፕሮቢት የተባለውን የስታቲስቲክስ ዘዴ ስላወጣ፥ ጠምዛዛው የመጠንና የሞት መሥመር ቀጥ ብሎ ይህን ልክ ለማንበብ ተቻለ።

ፕሮፌሰር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። የአሜሪካ ኬሚስቶችም የእንዶድን ፍሬ መርምረው፥ የሚገድለው ሳፖኒን የተባለው አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጡ፤ ከሳፖኒኖቹም አንዱን በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ብለው ጠሩት። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ቦታዎች 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አነጻጸሩ። ሥራው ቀላል አልነበረም። አንዱ ፍሬው ቢበዛ ኃይሉ ሊያንስ፥ ሌላው ኃይለኛ ቢሆን ፍሬው ሊያንስ ይችላል። በአንድ ተክል ብቻ መፍረድ ስለማይቻል ብዙዎቹን መዝኖ አማካዩንና ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ቁጥር 44 የተባለው ዓይነት ተመረጠ።

ትልቁ ፈተና በዓድዋ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ተደረገ። ወንዞቹ በእንዶድ ከታከሙ በኋላ፥ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በሽታው ያለባቸው ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። ሕፃናቱ ተለይተው መቆጠራቸው ምክንያት አለው። ትሏ በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ብዙ ዓመት ልትኖር ስለምትችል፥ አዲስ በሽታ መቆሙን በግልጽ የሚያሳዩት ሕፃናት ናቸው።

ከዚህም በኋላ ቢሆን የዓለም ድርጅቶች እንዶድን ቶሎ አልተቀበሉትም፤ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው የሚያሳይ ተጨማሪ ምርመራ ጠየቁ። ድሃ አገር ለዚህ የሚሆን ገንዘብና ቤተ ሙከራ ከየት ያመጣል? ፕሮፌሰር አክሊሉ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ በየአገሩ እየዞሩ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ቢልሃርዚያን ለማከም በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው፤ እንዶድም እሳቸው እንደተመኙት በየወንዙ አልተስፋፋም። ሆኖም ክኒኑ በሰው ገላ ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ በወንዝ ያለውን ቀንድ አውጣ አይነካም፤ የዳነውም ልጅ ወደዚያው ውሃ ሲገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ሥራቸው ገና አልተፈጸመም። ኢንስቲትዩቱ ግን ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።

እንዶድ የሚበቅለው በደጋና በወይና ደጋ ነው፤ ቀንድ አውጣው የሚመቸው ደግሞ ሙቀት ባለበት፥ ውሃውም በዝግታ በሚሄድበት ቦታ ነው። ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ቁልቁል ለምንኖር የይፋት ልጆች፥ መድኃኒቱ ከራስጌያችን በቅሎ በሽታው ከግርጌያችን ቢያሠጋን፥ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚያሰኝ ይሆናል።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያወረሱን ዕውቀት እንደ መክሊት ነው፤ በመሬት ተቀብሮ እንዲቀር አይገባም። ነገር ግን ያየነውን ካልቆጠርን፥ የቆጠርነውንም ካላመዛዘንን ማንም አያምነንም። ስለዚህ የሒሳብን ትምህርት ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ሳንለይ ተግተን እንማር፤ ለፕሮፌሰር አክሊሉ የሚገባው መታሰቢያ ይህ ነው።